ጣት የምታህል መኪና

ሴትዮዋ ጥርስ ሠሪ ነበረች። ሐኪም አይደለችም። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን የአፍ ቅርጽ በጀሶ አድርገው ይልኩላታል፤ እሷ ላቦራቶሪዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ የጎደለውን ጥርስ ትሠራለች። ቀለሙን ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ስታመሳስለው ታዲያ፣ ሰውየው ራሱ መስታወት ፊት ቆሞ የትኛውን ከእናቱ እንዳገኘው፣ የትኛውን ከእሷ እንዳገኘው ይጠፋዋል። እጅሽ የተባረከ ነው ይሏት ነበር። እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ሲሏት እንዳልሰማች ታልፋለች።

ቤት ስትገባ ደግሞ መኪና ትሠራለች። ነገሩ የጀመረው ልጇ ትንሽ ሳለች ነው። ልጅቷ በጣም የምትወዳት አንዲት ጣት የምታህል የብረት መኪና ነበረቻት፤ ጎኗ ላይ ቁጥር ያለባት የእሽቅድምድም መኪና። ከግድግዳ ጋር ስትላተም፣ ከደረጃ ስትወረወር ቀለሟ ተላለጠና ቁጥሯ ጠፋ። ልጅቷ እዬዬዋን አቀለጠችው። እናት ጥርስ የምትቀባበትን፣ ፀጉሩ የሚቆጠር ብሩሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ቁጥሩን መልሳ ጻፈችላት። ሲደርቅ ከፋብሪካው በለጠ።

ልጅቷ አደገች፣ አገባች፣ ከቤት ወጣች። መኪኖቹ ግን ቀሩ፤ መቅረት ብቻ ሳይሆን ተዋለዱ። ክፍሏን እናትየው ወረሰችው። በመስኮቱ ሥር ሰፊ ጠረጴዛ፣ አጉሊ መነጽር የተገጠመለት መብራት፣ ወረንጦና ብሩሽ የታጨቀበት ብርጭቆ፣ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ የሚሸት ጨርቅ። ግድግዳው ላይ በጠባብ መደርደሪያ የተኮለኮሉ መኪኖች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ በእውነት የተሽቀዳደመች መኪና ምስል የሆኑ።

እንዲህ ያለ ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጓሮ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንዳንዶቹ፣ እንደ ፋርማሲስቱ ያሉት፣ የገዟትን መኪና ከነካርቶኗ ያስቀምጣሉ፤ ካርቶኑ ከተከፈተ ነፍሷ የሚወጣ ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ገና ከመግዛታቸው ይበልቷታል። ከሥር የያዟትን ምስማሮች በስተው ይፈታሉ፣ ቀለሟን ይልጣሉ፣ ጎማና ቸርኬዋን ከሌላ መኪና ያመጣሉ፣ በሚፈልጉት ቀለም እንደገና ይወልዷታል። ከእነዚህኞቹ መካከል እሷን የሚያህል አልነበረም። ሌላው መስመር ሲቀባ በወረቀት ፕላስተር እየሸፈነ ነው፤ እሷ ግን በባዶ እጇ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት፣ በአንድ ትንፋሽ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ጣቶቹ የብርጭቆ ጆሮ ውስጥ አይገቡም። የሚስቱን ሥራ እንደ ቀልድ ነበር የሚያየው።

«ቀኑን ሙሉ ትልቅ መኪና ስነዳ ውዬ እቤቴ ደግሞ ትንሽ መኪና እንዳልረግጥ ልሳቀቅ?» ይላታል።

«ታዲያ እግርህን እያየህ ሂዳ!» ትለዋለች።

እሱ እሷን «እሜቴ» ነው የሚላት፣ እመቤት አገልጋይዋን ያዘዘች ይመስል ለማሾፍ። እሷ «ሾፌሩ» ትለዋለች። በዚህ ዓይነት ተስማምተው ኖሩ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ቡሎን አንዲት ቀይ መኪና በመሐረብ ጠቅልለው አመጡላት። ጋሽ ቡሎን በጉልበታቸው ጊዜ የእሽቅድምድም መኪና መካኒክ ነበሩ፤ ዛሬም ሲያወሩ ኪሳቸው ውስጥ አንድ ቡሎን ያሽከረክራሉ፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው።

«ይቺን ቢጫ አድርጊልኝ ልጄ» አሏት። «መሀሏ ላይ ጥቁር መስመር። ኮፈኗ ላይ ነጭ ክብ፣ ክቡ ውስጥ ሃያ ሰባት ቁጥር። የኔ ጎረምሳነት የዚችን ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው ያለቀው። ዋናዋ ተቆራርጣ ብረት ሆና ተሸጣለች። እስቲ አንዴ ደግሜ ልያት።»

«በምን ቀን ይፈልጓታል ጋሼ?»

«ለዐውደ ርዕዩ ከደረሰች ምን እፈልጋለሁ!»

ዐውደ ርዕዩ በየዓመቱ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የሚደረግ ነው፤ ሁሉም ካለው የሚኮራበትን ያቀርባል። እሷም «ትደርሳለች» ብላ ቃሏን ሰጠች።

ሳምንትም ሳይሞላ ነው እጇ የከዳት። ላቦራቶሪ ውስጥ የአንድ የፊት ጥርስ ጠርዝ እየቀባች ሳለ የብሩሹ ጫፍ ዘለለ። ጠረገችውና ደገመች፤ እንደገና ዘለለ። ድካም ነው ብላ አለፈችው። በማግስቱም ያው። እጇ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ሰላም ነው፤ ስስ ሥራ ሲይዝ ግን እንደበረደው ሰው ይንዘፈዘፋል። ሐኪም ዘንድ ሄደች። የሚገድል አይደለም አላት ሐኪሙ፤ በክኒን ትንሽ ጋብ ይላል፣ ጨርሶ ግን አይተውም። «ከዚህ ጋር መኖር ይቻላል» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። እሷ ግን ስለ መኖር አልነበረም የጠየቀችው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ደግ ሰው ስለነበር ከብሩሽ ሥራ አንስቷት የተሠሩ ጥርሶችን ቀለም እንድትመረምር መደባት። «ዓይንሽን የሚያህል የለንም» አላት። ዓይኗን ማመስገኑ እጇን እንደ መቅበር ሆኖ ተሰማት።

እቤት ውስጥ ምንም አልተነፈሰችም። ብሩሾቿን አጥባ በጨርቅ ጠቀለለች፣ የቀለም ብልቃጦቹን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ የክፍሉን በር ዘጋች።

«ዛሬም አትሠሪም?» አላት ባሏ።

«ሰለቸኝ።»

«አንቺን? መኪና?»

«አዎ፣ እኔን መኪና። ሰው አይሰለቸውም?»

ከዚያ ወዲህ ሻይ የሚቀዳው ሾፌሩ ሆነ፤ ለእሷ ሲሰጣትም ብርጭቆውን ከግማሹ ብቻ ሞልቶ ነው። እሷ ይህን ያስተዋለችው በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። እቤት ስትገባ የዚያ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። መብራቱ በርቷል። ገፋ አድርጋ ስታይ ባሏ ተረኛ ባልሆነበት ቀን፣ ክብደቱን በማትችለው ወንበር ላይ ተቆላልፎ ተቀምጦ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትልቁን ብሩሽ እንደ መጥረጊያ ጨብጦ፣ ያደርገዋል ብላ አስባ የማታውቀውን ነገር ይሠራል። የጋሽ ቡሎን መኪና በጠረጴዛው መሀል ቆማለች። ቢጫ ሊያደርጋት ፈልጎ ነበር፤ ግን ቀዩን ሳይልጥ፣ ነጭ መሠረት ሳይቀባ፣ እላዩ ላይ ስለደፋበት ብርቱካን ሆናለች። ቀለሙ መስኮቶቿን ደፍኖ፣ ከሥር ተንጠባጥቦ ጎማዎቿን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቋቸዋል። ጥቁሩ መስመር ተጀምሮ ወደ በሯ ታጥፏል።

«ምን አባክ ነው የምታደርገው?!»

ሾፌሩ ዘሎ ሲነሳ ወንበሩ አብሮት ተነሳ።

«እሜቴ፣ ቆይ፣ ስትደርቅ እኮ ትስተካከላለች።»

«ስትደርቅ! የሰው አደራ! የሽማግሌ አደራ! ማን ንካ አለህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ቢጫ ነበሩ፤ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት በአየር ላይ ይዟቸዋል።

«ቃል ሰጥተሻል» አላት። «ቃልሽን ካልጠበቅሽ ደግሞ እንቅልፍ አይወስድሽም። እና እጅሽ…»

«እጄ ምን?»

«እያየሁት ነው እኮ። ቁልፍ በር ውስጥ ስትከቺ አያለሁ። አንድ አልጋ ላይ የምንተኛ ሰዎች ነን።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያናደዳት መኪናዋ አልነበረችም አሁን። ሁሉን ነገር ያየ ሰው ፊት ለፊት ያን ሁሉ ጊዜ እጇን በኪሷ ደብቃ መክረሟ ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «አንቺስ?» አላት። ቀስ ብላ የሐኪሙን ቃል ነገረችው፤ ሳታለቅስ ልትጨርሰው አስባ ነበር፣ አልቻለችም።

በማግስቱ ቆረጠችና ለጋሽ ቡሎን ደወለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መኪናዋን አልችልም።»

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?»

«ሥራ በዛብኝ» ብላ ዋሸች።

ሽማግሌው ቅር እንዳላቸው ከድምፃቸው ታወቃት። «ይሁን» አሉ። «ሌላ ሰው እንዲነካት ግን አልሻም። ቀይ እንደነበረች መልሺልኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ባሏ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

«ምን አሉ?»

«ቀይ እንደነበረች መልሺልኝ አሉ።»

ሁለቱም ዞር ብለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርቱካን እብጠት አዩ። መጀመሪያ እሷን ሳቅ አመለጣት። ከዚያ እሱን። ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች፤ ይህን ያህል ከሳቀች ስንት ጊዜዋ።

«ና እስቲ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ያበላሸኸውን አንተው ታጸዳዋለህ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናያለን።»

መኪናዋን ቀለም ማንሻ ውስጥ ነከሯት፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተጓት፤ ብርቱካኑም ቀዩም ተላጠና ከሥሩ ግራጫ ብረቷ ወጣ። ራቁቷን ስትታይ ከምንጊዜውም ትንሽ ነበረች። ጎንበስ ብላ ተመለከተቻትና «ቀይ ከምናደርጋት…» ብላ ጀመረች። እሱም ቀሪውን ሳትናገር ገባው።

ነጩን መሠረት በስሱ፣ ደጋግሞ እንዲቀባ አደረገችው። «አሁንም ወፍራም ነው። አኳራጅ ጨምር። ኧረ በዛ! ወተት አስመሰልከው እኮ።» ቢጫው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ከረረ።

«ቀስ በል።»

«ቀስ ብያለሁ።»

«ቀስ ማለት እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው? ንገሪኝ!»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረችውን ነገር እጇ እንጂ አፏ አያውቀውም ነበር። ብሩሹን ከእጁ ነጥቃ ልታሳየው ቃጣት፤ ያዘችውም፤ ጫፉ በአየር ላይ ተንቀጠቀጠ። መልሳ ሰጠችው። እሱ እንዳላየ ሆኖ አጉሊ መነጽሩን ጠረገ።

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ከሥራ መልስ ብዙ ቀን ተቀመጡ። እሷ የተናገረችውን እሱ ሳይገባው፣ እሱ የጠየቀውን እሷ ልትመልስ ሳትችል። አንዳንዴ ጠረጴዛውን ትታ ትነሳለች፤ መስኮት ጋ ቆማ መንገዱን ታያለች። የሚያበሳጫት የእሱ ድንዛዜ አልነበረም። ለካ የራሷን ጥበብ እሷም ከውጭ አይታው አታውቅም።

ቢጫው ከብዙ መልጠትና መድገም በኋላ ተሳካ። መስመሩ ግን ጣጣ ሆነ። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ «ፕላስተር እንለጥፍ» አለች። ለጠፉ። ፕላስተሩ ሲነሳ ጥቁሩ ከሥር አፈትልኮ ጠርዙን እንደ መጋዝ አድርጎታል። ያንን ጠርዝ በስስ ብሩሽ ማረም የግድ ሆነ፤ ሾፌሩ በሞከረ ቁጥር መስመሩ ይጎብጣል።

«ምኑን ነው የምታየው?» አለችው።

«ብሩሹን ነዋ። ሌላ ምን ልይ?»

ቆም ብላ አሰበች። «ስትነዳስ ምኑን ነው የምታየው? ጎማውን?»

«ጎማውን የሚያይ ሾፌር ማደሪያው ቦይ ውስጥ ነው። ሩቅ ነው እንጂ የሚታየው፣ መንገዱ የሚሄድበት።»

«በቃ፣ ብሩሹን ተወው። መስመሩ የሚያልቅበትን እይ። እጅህ ተከትሎህ ይመጣል።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻውን አላላ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ወደ መኪናዋ ጅራት ልኮ ብሩሹን ጎተተ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። መጨረሻው ላይ ብቻ ነጠቅ ሲያደርገው ጥቁር ጠብታ ቀረ።

«ስታነሳው ምን አስቸኮለህ? የቆሙ ተሳፋሪዎች አሉ» አለችው።

«እ… ፍሬን» አለ ለራሱ። «እንደ ፍሬን ቀስ አድርጎ መልቀቅ።» ጠብታውን በወረንጦ ጫፍ ጨርቅ ይዞ ጠረገና ደገመው። ይኼኛው ላይ እሷ ቃል አልወጣትም። የእሷ መስመር አይደለም፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ትንሽ ይጠነቀቃል። ግን መስመር ነበር። ሾፌሩ ግንባሩን በክንዱ ሲጠርግ «ምነው ዝም አልሽ?» አላት። «ክቡን ቀጥል» አለችው።

ክቡም ሆነ። የ«2» ቁጥሯም ሆነች። ሰባቷ ግን እግሯ ወፈረ፤ ቢያስተካክሏት ጊዜ ባሰባት፤ ሦስተኛ ሲነኳት ክቡን ልታበላሽ ሆነችና ተዉአት።

ቅዳሜ አብሯት ሄደ፤ የመደብሩን ጓሮ ክፍል ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ቡሎን መሐረቡን ሲፈቱ ቢጫ አዩና ፊታቸው በራ። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። ኪሳቸው ውስጥ የምትሽከረከረው ቡሎን ቆመች።

«ይኼ ያንቺ እጅ አይደለም» አሉ።

«አይደለም ጋሼ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ያኔ ሥራ በዛብኝ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። የባለቤቴ እጅ ነው።»

ፋርማሲስቱ የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ። ሾፌሩ በሩ ላይ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። ሽማግሌው መኪናዋን አገላብጠው አዩ፤ ከአፍንጫዋ ተነስተው በመስመሩ ላይ እስከ ጅራቷ በዓይናቸው ሄዱ።

«ሌላ ሰው እንዳይነካት ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

«ቅር ብሎኛል ልጄ። አልዋሽሽም።»

«ቅር ቢልዎትም ይገባዎታል» አለች። ለራሷ ገርሟት ድምጿ አልተሰበረም።

ጋሽ ቡሎን ወደ በሩ ዞሩ። «መስመሩ ደህና ነው» አሉት ሾፌሩን። «ሰባቷ ግን ጠግባ ያደረች ትመስላለች።»

«እኔን መስላ ነው መሰለኝ ጋሼ» አላቸው፤ ከወዲያ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። መኪናዋን በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሉና የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

በዐውደ ርዕዩ ቀን የጋሽ ቡሎን ጠረጴዛ ላይ ቢጫዋ መኪና አልነበረችም። ሌላ፣ የድሮ ሰማያዊ መኪናቸውን አቅርበዋል። አየችና ፍርዳቸው ነው ብላ አለፈች። እሷ ራሷ ዘንድሮ ምንም አላቀረበችም። ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም ነበርና መጀመሪያ የት እንደምትቆም ግራ ገባት። የሚያውቋት ሁሉ «ያንቺስ የታለ?» ይሏታል። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትቻለሁ» አለች ለመጀመሪያው ሰው። ለሁለተኛው ስትደግመው ቀለላት። ለሌሎቹ እንደ ማንኛውም ወሬ ወጣላት። ከዚያ የሰውን ሥራ በእርጋታ ማየት ጀመረች፤ ሁልጊዜ የራሷን ስትጠብቅ የማታየውን። አንዱ የቸርኬውን ጠርዝ እንዴት እንዳበራው፣ አንዷ የመኪናዋን ነጂ የራስ ቁር እንዴት እንዳስቀመጠችው። ቆማ ጠየቀቻቸው፤ ቆመው ነገሯት።

ልትወጣ ስትል አዳራሹ ጥግ ጋሽ ቡሎንን አየቻቸው። አንድ በዕድሜ የሚስተካከላቸው ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል። ጋሽ ቡሎን ከደረት ኪሳቸው መሐረቡን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ፈቱት፤ ቢጫዋ ብቅ አለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ተጠጋግተው በጣት እያሳዩ ማውራት ጀመሩ። አልቀረበቻቸውም። የሚሉትን መስማት አላስፈለጋትም።

ባሏን የመለዋወጫው ጠረጴዛ ጋ አገኘችው። በመዳፉ አንዲት የተጎሳቆለች፣ አንድ ጎማዋ የወለቀ የእሽቅድምድም መኪና ይዟል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ማንም አልፈለጋትም። አረንጓዴ ላደርጋት አስቤ ነበር።»

«አረንጓዴ?» አለችው። «ሾርባ የሚመስል አረንጓዴ?»

«ምን አለው? ሙሽራ አስመስላታለሁ።»

ወጥተው በመንገዱ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ። መኪናዋን ከእጁ ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አቅርባ አገላበጠቻት። ከሥሯ የያዟት ምስማሮች ዝገዋል፤ ኮፈኗ ላይ የቆየ ጭረት አለ። «ይኼ በስቱኮ ይሞላል» አለችው፤ «ከዚያ በስስ የብርጭቆ ወረቀት፣ እያረጠብክ። ደረቁን እንዳታሸው። ጣትህን አስኪደው፣ ዓይንህን አትመን…» እሱም ትልቁን ጭንቅላቱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ፣ የአላፊ አግዳሚውን መንገድ ዘግቶ፣ ይሰማታል።